ግማሽ ፈሰስ

ባልና ሚስት ነበሩ። አገራቸው ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ወንዞች ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርዱበት ወገን ነው። ሀብታም አይባሉም፤ ችግረኛም አልነበሩም። ጥማድ በሬ፣ ሁለት ላም፣ ጌሾና ጎመን የማይጠፋበት ጓሮ፣ ጥሩ ዓመት ሲሆን እስከ አንገቱ የሚሞላ ጎታ ነበራቸው። ከሁሉም በላይ ግን ስድስት ቃዳ የሚሆን አንድ ወጥ ማሳ ነበራቸው። ልጆቻቸውን ያጠመቁት፣ ዝክራቸውን የደገሱት፣ የታመመ ያሳከሙት ከዚያ ማሳ በሚገኝ ጤፍ ነው።

ማሳው ተዳፋት ላይ የተኛ ዋልካ ነው። ዋልካን ያረሰ ያውቀዋል። በጋውን እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው ሁሉ መግቢያ ስለማያገኝ ላዩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶና አለስልሶ፣ በከብት አስረግጦ፣ ጤፉን ከበተነ በኋላም ሥራው አያልቅለትም። ማሳውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቦይ ማውጣት አለበት፤ ፈሰስ ይለዋል። ፈሰስ ማውጣት ጥበብ ይጠይቃል። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ጭራሽ አግድም ከተኛ ደግሞ ሞልቶ ይሰበራል። ከላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ዝቅ በማለት ማዶ ካለው ሣር የለበሰ መውረጃ ላይ መድረስ አለበት። መውረጃው ላይ ካልደረሰ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

የዚያ ማሳ ዋናው ፈሰስ ከላይኛው ጥግ ተነስቶ፣ መሀል ላይ በቆመች አንዲት ግራር ሥር አልፎ፣ ከታችኛው ጥግ መውረጃ ይገባ ነበር። ባልየው በየዓመቱ በበሬ ያወጣዋል፤ ሚስቲቱ ክረምቱን ሙሉ ደለል በሞላው ቁጥር በዶማ ትከፍተዋለች። አሥራ ሰባት ክረምት እንዲህ አለፈ።

በአሥራ ስምንተኛው ተጣሉ። የጠቡ ምክንያት ለዚህ ነገር አያስፈልገንም። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ዘመድ መከረ፣ አልሆነም። ሰኔ ሲጋመስ ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባችና ከዳኛ ፊት ቀርባ ፍችና የንብረት ድርሻ ጠየቀች። ዳኛውም ሁለቱን ሰምቶ፣ ንብረቱ ተቆጥሮና ተጣርቶ እስኪቀርብለት ድረስ ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር።

ክረምቱን ማን ያርሳል? ዘሩ በሚስቲቱ እጅ ነው፤ በሬዎቹ በባልየው እጅ። የሁለቱም የነፍስ አባት ባይለምኗቸው ኖሮ ማሳው ጦም ያድር ነበር። "ልጆቹ በጥቢ ምን ይበላሉ?" ብለው ለመኗቸው። እሷ ዘር ላከች፣ እሱ በሬ አወጣ፣ ጎረቤት በደቦ ገባ፣ ጤፉም ሐምሌ ላይ ተዘራ። በዚያው ዕለት ማምሻውን ባልየው ፈሰሱን ጀመረ። ከላይኛው ጥግ ተነስቶ፣ እርፉን ተጭኖ፣ እንደ ወትሮው ልክ በልክ እያወረደ ግራሯ ድረስ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ወደ ታች አየ፣ ወደ ላይ አየ።

"ከዚህ ወዲያ ያለው የእሷ ድርሻ ነው" አለ። ማረሻውን ከመሬት ነቅሎ በሬዎቹን ፈታ።

በማግስቱ ነገሩ ሚስቲቱ ጆሮ ደረሰ። ወንድሟ ጅራፉን አንስቶ፣ "ምን ቸገረን፣ ቀሪውን እኔ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ" አላት።

"እንዳትነካው!" አለችው። "ከግራሯ በታች ያለውን ብቻ ካረስንለት፣ ከግራሯ በላይ ያለው የሱ መሆኑን አመነች ይለኛል። ዳኛ ፊት ይጠቅሰዋል። ድርሻዬን በገዛ በሬህ አሳልፈህ ልትሰጥብኝ ነው?"

ወንድሟም ጅራፉን ሰቀለ።

የነፍስ አባታቸው ይህን ሲሰሙ ወረቀትና እርሳስ ይዘው መጀመሪያ ወደ ባልየው ሄዱ።

"አባ፣ እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ" አላቸው። "የቀረው የእሷ ነው።"

"ልጄ፣ ሳትጀምረው ብትተወው ይሻል ነበር" አሉት። "ፈሰስ ባይኖር ውሃው በማሳው ሁሉ ተበትኖ ይወርድ ነበር፤ ይጎዳል፣ ግን አይቆርጥም። አንተ ከላይ ያለውን ሁሉ ሰብስበህ አምጥተህ ግራሯ ሥር አቆምከው። ከዚያ በየት ይሂድ?"

ዝም አላቸው።

"እንግዲህ ስማኝ። የወንድሜን ልጅ ልላከው፣ ይጨርሰው። ስንት ቀን እንደዋለ እዚህ ላይ እጽፋለሁ። መስቀል ሲያልፍ ዳኛው መሬቱን ለማን እንዳደረገው ይታያል፤ መሬቱ የደረሰው ሰው የልጁን ድካም ይከፍላል። ለሁለታችሁ ካካፈለውም እኩል ትከፍላላችሁ። ይህን በመፈረሙ ማናችሁም ድርሻውን አልለቀቀም፣ የሌላውንም አላመነም ብዬ በአራት ምስክር ፊት አስፈርማችኋለሁ።"

ባልየው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። "ይሁን" አለ በመጨረሻ። "እሷ ትቅደምና ትፈርም።"

ቄሱ ጭቃውን እያቋረጡ ወደ ሚስቲቱ ሄዱ። ያንኑ ነገሯት። እሷም አንገቷን ነቀነቀች። "መልካም ነው አባ። እሱ ይቅደምና ይፈርም" አለቻቸው።

በዚያ ሳምንት ወረቀቱ በሁለቱ ቤት መሀል ስንት ጊዜ ተመላለሰ! ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም ወረቀቱ ትክክል መሆኑን ያውቃሉ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ የፈረመ የተሸነፈ መስሎ ይታያል። በመጨረሻ የዝናቡ ብዛት የቄሱን እግር አሰረ፤ ወረቀቱም ፊርማ ሳያገኝ ቀረ።

ጤፉ በቀለ። መጀመሪያ ላይ ውሃው ግራሯ ሥር እየተጠራቀመ ሰፊ ኩሬ ሆነ፤ ከኩሬው ዳር ያለው ቡቃያ ቢጫ መልበስ ጀመረ። ትልቋ ልጃቸው እንጨት ለቀማ ስትሄድ አይታው ለእናቷ ነገረቻት፤ ለአባቷም ነገረችው። "አውቃለሁ" አላት አባቷ። "አውቃለሁ" አለቻት እናቷ።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከላይኛው ማሳ ሁሉ የተሰበሰበው ውሃ በተከፈተለት ፈሰስ ገስግሶ ግራሯ ዘንድ ሲደርስ መሄጃ አጣ። ሞላ፣ ተገፋ፣ ተዳፋቱን ሰብሮ ቁልቁል ወረደ። ሲነጋ ግራሯ ከነሥሯ ወድቃለች። ከቆመችበት ጀምሮ እስከ ማሳው ግርጌ ሰውን እስከ ወገቡ የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል። ከማሳው በታች የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ባቄላ ነበረ፤ በነጋታው የሚታየው የጭቃ ንጣፍ ብቻ ነው። ዋልካው ወደ ወንዝ፣ ከወንዙም ወደ አባይ ሄደ።

መስቀል አለፈ፤ ቀጠሮው ደረሰ። ዳኛው ፍችውን ወሰነ፣ መሬቱም እኩል ይካፈል አለ። ሽማግሎች ገመድ ይዘው ወጡ። ከላይኛው ጥግ አስረው ቁልቁል ሲስቡ ገመዱ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ በታች መለካት አላስፈለጋቸውም። ግራውን ለእሱ፣ ቀኙን ለእሷ አሉ። ሁለቱም ወገን ጠባብ ነው፤ ታችኛው ጫፍ ላይ በሬ ጠምዶ መዞር አይቻልም።

ገመዱ ሳይጠቀለል ባለባቄላዋ ጎረቤት መጣች። "የእህሌን ክፈሉኝ" አለች። ነገሩ ዳኛው ዘንድ ሲቀርብ ባልየው፣ "ውሃው የሰበረው ከግራሯ በታች፣ በእሷ ወገን ነው" አለ። ሚስቲቱ፣ "ውሃውን ሰብስቦ ያመጣው እሱ የቀደደው ፈሰስ ነው" አለች። ዳኛው ሁለቱንም ሰማ። "አንዳችሁ ጀምራችሁ ተዋችሁት፤ አንዳችሁ እንዳይጨረስ ከለከላችሁ። ውሃው ሲወርድ መሬቱ ገና የሁለታችሁ ነበር" አላቸው። ዕዳውንም እኩል አካፈላቸው። እሷ ለመክፈል ላሟን ሸጠች። እሱ አንዱን በሬ ሸጠና በዓመቱ ባለ አንድ በሬ ሰው ፈልጎ ተቀናጅቶ ማረስ ጀመረ።

ምሳሌው እስከዚህ ነው።

ዛሬ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቆሙት ባልና ሚስት የሚካፈሉት መሬት ብቻ አይደለም። አንዲት ባጃጅ ይኖራቸዋል፤ ወይም ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ጤፍ የሚያመላልስ አይሱዙ። ብድር ይኖራቸዋል። የጤና መድን ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ ያልተጨረሰ እቁብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይኖራቸዋል። እነዚህ ሁሉ የመክፈያ ቀን አላቸው። ቀኑም እንደ ሐምሌ ዝናብ የዳኛን ቀጠሮ አይጠብቅም።

የመድን ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ዕለቱን አይታይም። ቤት ቢፈርስ ይታያል፣ ላም ብትሸጥ ትታያለች። የባጃጇ መድን ትናንት ማብቃቱን ግን ማንም አያይም፤ የሚታወቀው ሰው የተገጨ ዕለት ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንም ሰው ያለዚህ መድን ተሽከርካሪ እንዳይነዳ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባልየው፣ "ነገ ለእሷ ለሚወሰን ባጃጅ ለምን እከፍላለሁ?" ብሎ ይተወዋል፤ ሚስቲቱ፣ "ገቢውን የሚሰበስበው እሱ አይደለም እንዴ?" ብላ ትተወዋለች። ከዚያ አንድ ተማሪ መንገድ ሲያቋርጥ ይገጫል። ካሳው የሚፈልገው ሁለቱ ሲጣሉበት የነበረውን ያንኑ ንብረት ነው። የተጎዳው ልጅ ግን በጠባቸው ውስጥ አንዳች የለበትም።

የጤና መድኑም እንዲሁ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የአባልነቱ መሠረት ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬም ነው። መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ቤተሰቡ ለሁለት ሲከፈል ደብተሩ አንድ ነው። ደብተሩ አባትየው ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው እናትየው ጤና ጣቢያ ደርሳ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ይህ በዳኛ ፊት የሚያከራክር ነገር እንኳ አይደለም፤ ማንም አላነሳውም እንጂ ቢነሳ ሁለቱም እሺ የሚሉት ነው። የተለየችው እናት ወደ ቀበሌዋ ሄዳ ራሷንና ልጆቿን በራሳቸው ለማስመዝገብ መጠየቅ፣ እስከዚያው ደብተሩ ልጆቹ ያሉበት እንዲቀመጥ ማስወሰን ትችላለች። የእድሩም ነገር እንዲሁ ለእድሩ ዳኛ ቀድሞ ይነገር። ሬሳ ቤት ውስጥ እያለ የመዋጮ ውዝፍ መቁጠር ለማንም አይገባም።

ብድር ደግሞ የታችኛዋን ጎረቤት ያስታውሰኛል። አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በአማራ ክልል ገጠር ለረጅም ዓመታት ሲያበድር የኖረው ሰዎች በቡድን እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ ነው። ባልና ሚስት ሲካሰሱ ክፍያው ቢቋረጥ ወለዱና ቅጣቱ በሁለቱ ላይ ይቆጠራል፤ በር የሚንኳኳው ግን የዋሱም ጭምር ነው። እቁብም ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዕጣው ገና ያልወጣ እቁብ የጋራ ገንዘብ ነው፣ ይቆጠር። ዕጣው ወጥቶ የተበላ እቁብ ግን ዕዳ ነው፤ ቀሪውን ዙር ማን እንደሚጥል ካልተጻፈ የእቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ማኅበርተኛው ይጎዳሉ።

የሕይወት መድን ያላቸው፣ በመምህርነት ወይም በባንክ ሥራ ላይ ያሉ ደግሞ ሌላ የሚያዩት አለ። በሕጋችን የሕይወት መድን ገንዘብ በውሉ ስሙ የተጻፈለት ተጠቃሚ ካለ ለዚያ ሰው ይሄዳል፤ ከውርሱ ጋር አይቀላቀልም። ተጠቃሚ ካልተጻፈ ወደ ውርሱ ይገባል። ከአሥር ዓመት በፊት በሰርጉ ማግስት የተጻፈ ስም፣ ፍች ከተፈጸመ በኋላም ውሉ ላይ እንደተቀመጠ ሊገኝ ይችላል። ውሉን አውጥቶ ማንበብና ኩባንያውን መጠየቅ ነው።

ሚስቲቱ የፈራችው ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም። "ከከፈልኩ አመንኩ ይባላል" የሚለው ስጋት የብዙ ተካሳሾችን እጅ ያሳሰረ ነው። ለዚህ መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የፍች ጥያቄ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ቄሱ ይዘውት የተመላለሱት ወረቀት ማለት ይህ ትእዛዝ ነው። የትኛው ክፍያ በማን እጅ፣ ከየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈልና በመጨረሻው ክፍፍል እንዴት እንደሚታሰብ ዳኛው ይጻፈው። ያን ጊዜ ማንም ቀድሞ መፈረም አይጠበቅበትም፤ የከፈለም ደረሰኙን ይዞ ይጠይቃል።

ጠበቆችም ባለጉዳዮችም እግድ ሲጠይቁ ይህን ባይረሱ ደስ ይለኛል። አንዱ ወገን ገንዘብ እንዳያሸሽ የባንክ ሒሳብ ይታገድልኝ ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ሲታገድ የመድኑ ክፍያም፣ የብድሩ ክፍያም፣ የትምህርት ቤቱም ክፍያ አብሮ ይታገዳል። እግዱ ላይ፣ "ከሚከተሉት ክፍያዎች በስተቀር" የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ለእረፍት ሲዘጋም አስቸኳይ ጉዳይ የሚያይ ተረኛ ችሎት አለ፤ የመድን ጊዜ ማብቃት አስቸኳይ ነው ብሎ ማመልከት ይቻላል።

የንብረቱም ሥሌት በስም ብቻ አይታሰብም። በዚያው የፌዴራል ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ ወይም ማስያዝ አይችልም። ሸጦ ከተገኘም ሌላው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ማስፈረስ ይችላል። "ሲረጋጋ እጠይቃለሁ" የሚል ሰው ይህ ቀን ያልፍበታል። የጋራ ዕዳም ከክፍፍሉ በፊት ይከፈላል፤ ስለዚህ በእልህ የተጠራቀመ ውዝፍ ሁሉ የሚነሳው ከሁለቱም ድርሻ ላይ ነው።

ለሽማግሎቻችንም የምለው አለኝ። በምሥራቅ ጎጃም ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መግባቱ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ስንት ቤት አድኗል። ግን ሸንጎው ሲቀመጥ ጥያቄው ሁሉ ወደ ጥፋቱ ይሄዳል። ማን ጀመረ? ማን ተሳደበ? ሴቲቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ "ቻይው" ተብላ ትመለሳለች። የሚደበድብ ባል ያላትን ሴት ስለ ባጃጅ መድን ተደራደሪ ማለት ግፍ ነው፤ እሷ በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ትሂድ፣ ስለ ንብረቱ ጥበቃም ትእዛዙን ከዳኛው ታግኝ። ሌላው ግን፣ እርቅ እምቢ ካሉ ባልና ሚስት ጋር የተቀመጠ ሽማግሌ ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በዚህ ክረምት የሚከፈለው ምንድን ነው፣ ማን ይከፍለዋል? የሁለቱንም መልስ በወረቀት ይጻፍ። እርቅ ማውረድ ያቃተው ሽማግሌ ማሳውን ማስጠበቅ አያቅተውም።

ትዳራችሁ የሚፈርስ ከሆነ፣ ወይም የፈረሰበት ዘመድ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ፤ የባጃጇን መድን፣ የጤና መድኑን ደብተር፣ የብድሩን ውል፣ የእድሩን ደረሰኝ። በእያንዳንዱ ላይ የሚያበቃበትን ወይም የሚከፈልበትን ቀን ፈልጋችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ከቀጣዩ ቀጠሮ በፊት የሚውለውን ቀን አስምሩበትና ነገ ጠዋት ለዳኛችሁ አቅርቡት።